ሁለት ጉድጓድ

ሐሙስ ከሰዓት ነው ከኪርያት ጋት የወጣን፣
በረሃ ለማደር ገንዘብ የከፈልን፤
አባቴ ከፊት ወንበር ቀበቶውን አስሮ
"ስንት ነው ያላችሁኝ?" ይለናል ዞሮ ዞሮ፤
"ለአንድ ሌሊት ነው ይኼ? ለአሸዋ? ለድንጋይ?
በነጻ ያደረውን አትጠይቁም ወይ?"

ልጆቹ ሳቁበት። እኔም ሳቅሁ ለደንቡ።
የሊያት ጓደኛ ኖጋ ቋንቋው ሳይገባት ሳቀች፤
ሳቅ እንደ ማዛጋት ነው፣ ይጋባል።

ኒጻናን አለፍን።
ሬዲዮው ድንበር ዘሎ ከግብጽ ዘፈን ያዘ፣
ስልካችንም ሁሉ በየኪሱ ፈዘዘ፤
አስፋልቱ አለቀና ጠጠሩ ሲንኳኳ
"ደረስን?" ትላለች ሊያት፤ አልደረስንም ለካ።

ከእዙዝ ወዲያ ነው ድልድዩን ያየነው፤
ከላይ ሐዲድ የለው፣
ከታች ውሃ የለው፣
ማንም አይሻገር፣ ማንንም አያሻግር፤
ሸንጎ ፊት ተነስቶ እንደጠፋው ነገር
ቆሟል።

"ቱርኮች ናቸው" አለ እንዳላማው፣ ከወረቀት እያነበበ፤
በታላቁ ጦርነት ባቡር ሊሰዱ ወደ ሲና፣
ጉድጓዱም ለባቡሩ ነው፣ ጥቂት ለወታደሩ።
ባቡሩ ቀድሞ ይጠጣ ነበር ማለት ነው።

አባቴ አልሰማውም። መዳፉን ከግንቡ ላይ ጫነ፣
ሠላሳ ዓመት ሲገነባ ጣቱ የመነመነ።
"ይኼን የጠረበው ሰው" አለ፣ "በልቶ ነው የመጣው፣
መስመሩን ተመልከት፣ አንድም አልሳተው።
ይኼኛው ግን ርቦታል።
እዚህ ጋ፣ አየህ? መሮው ተንሸራቶበታል።"
ኦፊር ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው
ከመቶ ዓመት በፊት የራበውን ሰው።

ከሁለቱ ጉድጓዶች አንዱ በድንጋይ ተሞልቷል፤
ከሌላው ጠጠር ሲጥሉበት
ድምፁ ቆይቶ፣ ቆይቶ ይመጣል።

ማታ እሳት አነደድን፣ ድንች በአመድ ቀበርን፣
ግማሹን አሳረርን፣ ግማሹን በጥሬው በላን።
ሊያትና ኖጋ ኮከብ ሊቆጥሩ በጀርባ ተኝተው
ሁለት መቶ ላይ ተጣሉ፣ "ይኼን ቆጥረሽዋል" ተባብለው።

ሌሊት ብርዱ ቀሰቀሰኝ። የአባቴን ፍራሽ ዳሰስኩት።
ቀዝቅዟል።
ወጣሁ።
ጫማውን አጥልቋል፣ ማሰሪያውን አጥብቆ፤
አንዱን ጄሪካን ከእግሩ መሐል አስጠግቶ
ፊቱን ወደ ድንኳኖቹ አዙሮ ይቆጥራል፣
በጣቱ፣ ድምፅ ሳያሰማ፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል።
ኮከብ አይደለም የሚቆጥረው።
"...አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።"

"አባ፣ ስድስት ነን።"

አልመለሰልኝም። እንደገና ጀመረ፣ ከአንድ።

ያኔ አራት ዓመቴ ነው፤ ሱዳንን አላስታውሰውም፣
የሄድንበትን ሌሊት ብዛት፣ ሽፍታውን፣ ጥማቱን፣
ሌሎች ሲያወሩት ሰምቼ ነው የማውቀው።
የእኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦
ከትከሻው በግራ እኔ፣ በቀኝ ሌላ ሰው፤
በደረቱ ላይ እግሯ እግሬን ሲነካው፣
ትንሽ እግር፣ ከእኔም ያነሰ፣
እንደ ጨዋታ።
ከዚያ አንድ ቀን አልነካኝም።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስሟን አልጠራም። እኔም።
ነፋሱ በድልድዩ ቅስት ሥር ገብቶ ወጣ።
ጎህ ሲቀድ ሰባት ላይ አቆመና
"ደህና፣ ሁሉም አለ" ብሎ
ተኛ።

ጠዋት ድንኳን ስናጥፍ ኦፊር ጭነት ሊያቀልልን
ክዳኑን ፈቶ ጄሪካኑን ሲያዘነብል፣
"አይደፋም!" አለ አባቴ።
እንዲህ ሲጮህ ሰምተነው አናውቅም።
ኖጋ እንኳ ገባት።

ኒጻና ስንደርስ ሬዲዮው ወደ ዕብራይስጥ ተመለሰ፣
የስልኮቹ መልእክት እንደ በቆሎ ተንጣጣ፤
እሱ ከፊት ወንበር ጄሪካኑን ከጎኑ አስቀምጦ
ቀበቶውን ሳበና
በራሱም፣ በውሃውም ላይ
አሰረው።